የነዳጅ ተጨማሪዎች ለሞተር ንጽሕና ያላቸው ጥቅምና ገደብ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው መንገድና በአካባቢው በሚገኙ የመለዋወጫ መደብሮች፣ የዘይት መሸጫዎችና ማደያዎች ልዩ ልዩ ቀለምና ስያሜ ያላቸው ትናንሽ ጠርሙሶች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው ማየት የተለመደ ነው። ገሚሶቹ ሞተር እንደሚያጸዱ፣ ገሚሶቹ ነዳጅ እንደሚቆጥቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ ኃይል እንደሚጨምሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ሰፍሮባቸዋል። በተለምዶ አዲቲቭ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ወደ ነዳጅ ሰልባትዮ ተጨምረው ከነዳጁ ጋር ወደ ሞተር የሚገቡ ናቸው።

የእነዚህ ምርቶች ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የመኪና ባለቤቱና የመካኒኩ የግል ምርጫ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን የማስገባት ወጪ ከፍ አድርጎታል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ በመደረጉ የአንድ ሊትር ዋጋ በተከታታይ ጨምሯል። በመሆኑም በሥራ ላይ ያለው ሞተር በሌላ የሚተካበት ዕድል እየጠበበ፣ የሚያቃጥለው ነዳጅም እየተወደደ ሄዷል። ኮድ 4 ሰሌዳ ያላቸውን የመንግሥት ተሽከርካሪዎች የሚያስተዳድሩ የስምሪትና የጥገና ክፍሎች ስለ ጠርሙሱ ይዘት ማወቅ የሚኖርባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተጨማሪ ንጥረ ነገር ሞተርን ያጸዳል ወይስ አያጸዳም ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። መልሱ የሚወሰነው በጠርሙሱ ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር፣ በሞተሩ ዓይነትና ቆሻሻው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ከሚሸጡት ምርቶች መካከል በትክክል የሚያጸዱ አሉ፤ ምንም የማይለውጡም አሉ፤ ከናካቴው ሞተሩን የሚያቆሽሹም አይታጡም።

ጉዳዩን ለመረዳት ሞተር እንዴት እንደሚቆሽሽ ማየት ያስፈልጋል። ቤንዚን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሃይድሮካርቦን ዓይነቶች የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኦሌፊን የሚባሉት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኙና ሲሞቁ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይለወጣሉ። ሙጫው በጋለ ብረት ላይ ተጣብቆ ሲደርቅና ከሞተር ዘይት ጭጋግ እንዲሁም ከጭስ ቅንጣት ጋር ሲቀላቀል ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። በየጋራዡ «ካርቦን ይዟል» የሚባለው ይኸው ነው።

ቅርፊቱ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። በቆዩ መኪኖች በካርቡራተር ውስጥ ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይከማቻል። ኢንጀክተር ባላቸው ሞተሮች በኢንጀክተሩ ጫፍ፣ በአየር ማስገቢያ ቫልቭ ጀርባና ነዳጁ በሚቃጠልበት ክፍል ውስጥ በፒስተንና በቴስታታ ገጽ ላይ ይገኛል። በኢንጀክተር ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ቅርፊት መጠኑ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም ነዳጁ በደቃቁ እንዳይረጭ ያደርጋል። በቫልቭ ጀርባ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነዳጁን እየመጠጠ መልሶ ስለሚለቀው ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ሲጨመርም ወዲያው አይታዘዝም። አሽከርካሪዎች በአብዛኛው ካንዴላ ያስቀይሩና ችግሩ ሳይፈታ ይቀራል።

የአዲስ አበባ የመንዳት ሁኔታ ለዚህ ዓይነቱ ቆሻሻ የተመቸ ነው። ቤንዚን በሚያቃጥል ባለኢንጀክተር ሞተር ላይ በጫፉ የሚገኘው ቅርፊት በአብዛኛው የሚፈጠረው መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ሳይሆን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የሞተሩ ግለት በጫፉ ላይ የቀረችውን ጥቂት ነዳጅ ያበስላታል። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ አብነት፣ ከአብነት ተመልሶ ወደ መሥሪያ ቤት እየተመላለሰ በየቦታው ሞተሩን የሚያጠፋ የተላላኪ መኪና ይህን ሂደት በቀን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል። ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር በአንድ ጉዞ ከከተማ ወጥቶ የሚሄድ መኪና ግን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ያጋጥመዋል። ስለሆነም በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ እኩል የሆኑ ሁለት መኪኖች በንጽሕና እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ሁኔታ የከተማዋ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች የአየሩን መጠን በመለኪያ እያወቁ ነዳጁን ያስተካክላሉ። ካርቡራተር ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ለዝቅተኛ ስፍራ በተስተካከለበት ሁኔታ እንዲሠራ ከተተወ ነዳጅ አብዝቶ አየር ያሳንሳል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥቀርሻ ሆኖ በካንዴላና በፒስተን ላይ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት የጠቆረ ካንዴላን ለማጽዳት ካርቡራተሩን በብሎን ማስተካከል በቂ ሆኖ ሳለ ጠርሙስ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

የማጽጃ ተጨማሪዎች አሠራር ከሳሙና ጋር ይመሳሰላል። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ቅባትን፣ ሌላው ጫፍ ውኃን እንደሚይዝ ሁሉ፣ የነዳጅ ማጽጃ ሞለኪውልም አሚን የሚባለው ናይትሮጅን ያለበት ራሱ ከብረቱና ከቆሻሻው ጋር ሲጣበቅ ረጅሙ የሃይድሮካርቦን ጭራው በነዳጁ ውስጥ ይቆያል። በዚህም ሁለት ሥራ ይሠራል። በንጹሕ ብረት ላይ ስስ ሽፋን በመሆን ሙጫው እንዳይጣበቅ ይከላከላል፤ ቀድሞ የተጣበቀውንም ጥቂት በጥቂት እየፈታ ከነዳጁ ጋር እንዲቃጠል ያደርጋል። የመጀመሪያው ሥራ አነስተኛ መጠን ይበቃዋል። ለሁለተኛው ግን ከፍ ያለ መጠንና ጊዜ ያስፈልጋል።

ከማጽጃዎቹ መካከል በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፖሊአይሶቡቲሊን አሚን ሲሆን ካርቡራተርን፣ ኢንጀክተርንና የማስገቢያ ቫልቭን ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት ያገለግላል። ነገር ግን ከፍተኛ ሙቀት ባለበት የማቃጠያ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል በዚያ ስፍራ ያለውን ቅርፊት በመጠኑ ሊጨምር ይችላል። ሁለተኛው ፖሊኢተር አሚን ይባላል። ይህ ከፍ ያለ ሙቀትን የሚቋቋም፣ ሲቃጠልም ብዙ ቅሪት የማይተው በመሆኑ ፒስተንና ቴስታታ ላይ ያለውን ጭምር ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው የላቀ ነው። በአንድ ጠርሙስ ላይ ከሁለቱ የአንዱ ስም ተጽፎ ከተገኘ ቢያንስ በውስጡ ማጽጃ ስለመኖሩ ፍንጭ ይሰጣል። በብዙ ርካሽ ጠርሙሶች ላይ ግን የሚነበበው ኬሮሲን ወይም ቀለል ያለ የነዳጅ ውጤት ብቻ ነው።

ማጽጃ በጠርሙስ ከመሸጡ በፊት በነዳጅ ኩባንያዎች አማካይነት በቤንዚኑ ውስጥ ሲጨመር ቆይቷል። በአሜሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ካርቡራተርን ለማጽዳት ሲባል ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢንጀክተር ሞተሮች በስፋት ሲሠራጩ በርካታ አዳዲስ መኪኖች ኢንጀክተራቸው እየተደፈነ ወደ ጋራዥ በመመለሳቸው ችግሩ የመንግሥትን ትኩረት ሳበ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከጥር 1995 ጀምሮ ለተሽከርካሪ የሚሸጥ ማንኛውም ቤንዚን ማጽጃ እንዲኖረው ግዴታ ጣለ። ለዚህ ከተመረጡት ፈተናዎች አንዱ የቢኤምደብሊው መኪና 10,000 ማይል ወይም 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ በቫልቮቹ ላይ የተቀመጠው ቅርፊት የሚመዘንበት ነው፤ አማካዩ በአንድ ቫልቭ ከ100 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም።

ይህ ደንብ ያስከተለው ውጤት ለደንብ አውጪዎች ትምህርት የሚሆን ነው። ግዴታው ዝቅተኛውን መጠን ስለወሰነ ቀደም ሲል ከዚያ በላይ ሲጨምሩ የነበሩ አንዳንድ ኩባንያዎች ወደ ዝቅተኛው መጠን ወረዱ። ቢኤምደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2004 «ቶፕ ቲየር» የተባለ ከመንግሥት መስፈርት የጠበቀ የራሳቸውን መለኪያ ለማውጣት የተገደዱትም በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ባስደረገው ፈተና ይህን መለኪያ ያላሟላ ቤንዚን 4,000 ማይል ከሚያህል ጉዞ በኋላ በማስገቢያ ቫልቭ ላይ የተወው ቅርፊት መለኪያውን ካሟላው በአማካይ 19 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ሁለቱም ቤንዚኖች በሕግ የተፈቀዱ ነበሩ።

ከማጽጃው አስቀድሞ ወደ ቤንዚን የገባው ስመ ጥር ተጨማሪ ግን ሞተርን የሚያቆሽሽ ነበር። ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውህድ የሞተርን ማንኳኳት እንደሚከላከል የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 በጀነራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ነው። እርሳሱ ኦክቴንን ከፍ ቢያደርግም ሲቃጠል የሚተወው ደለል በካንዴላና በጭስ ማውጫ ቫልቭ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ደለሉን በጋዝ መልክ የሚያስወጣ ሌላ ውህድ ከእርሳሱ ጋር መጨመር ግድ ሆኗል።

የልደታ አካባቢም ከዚህ ታሪክ ጋር ግንኙነት አለው። ቦሌ ከመገንባቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የበረራ አገልግሎት ሲጀምር የተጠቀመባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ባለፒስተን ሞተሮች በመሆናቸው የሚያቃጥሉት እርሳስ የተጨመረበት የአቪዬሽን ቤንዚን ነበር። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ እርሳስ የያዘውን ካንዴላ እየፈቱ ማጽዳት የመካኒኮች የዘወትር ሥራ ነው። ጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ግን በከተማዋ መኪኖች ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጠለ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 በዳካር ባደረጉት ስምምነት መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ አስወገዱት። በዓለም ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ያበቃው አልጄሪያ በ2021 ካቆመች በኋላ ነው። እርሳሱ የወጣው በሰው ጤና በተለይም በሕፃናት አእምሮ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ቢሆንም የካንዴላና የዘይት ዕድሜ መርዘሙ ተጨማሪ ጥቅም ሆኗል።

እርሳስን ለመተካት ከቀረቡት መካከል በማንጋኒዝና በብረት ላይ የተመሠረቱ ውህዶች ይገኙበታል። ኦክቴን ይጨምራሉ ተብለው በጠርሙስ ከሚሸጡት ምርቶች በርካታዎቹ ከእነዚህ አንዱን የያዙ ናቸው። ሁለቱም ኦክቴንን በጥቂቱ ያሻሽላሉ። ይሁንና ብረታ ብረት በቃጠሎ አይጠፋም፤ በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ልባጭ ሆኖ ይቀራል። በተለይ የብረቱ ልባጭ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብልጭታው እንዲጠፋ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከማጽጃው ጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በተቀራራቢ ዋጋ ሲሸጥ ገዢው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያይ አያስገርምም።

ኦክቴን የንጽሕና መለኪያ አይደለም። የሚያመለክተው ነዳጁ ከብልጭታው በፊት ራሱን በራሱ ሳያቃጥል ምን ያህል መታመቅን እንደሚቋቋም ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የአዲስ አበባ ከፍታ እዚህ ላይ በተቃራኒው ይጠቅማል። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ በሌለው ሞተር ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፤ ሞተሩም ከባሕር ዳርቻ ያነሰ ኦክቴን ይበቃዋል። በአሜሪካ ተራራማ ክፍለ ግዛቶች ዝቅ ያለ ኦክቴን ያለው መደበኛ ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልደታ ውስጥ ለተራ የቤት መኪና ኦክቴን መጨመሪያ የሚገዛ ሰው ለማያስፈልገው ጥቅም ከፍሎ የማይፈልገውን ልባጭ ይወስዳል። ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ በሐሩር የሚወርድ መኪና ጉዳይ ለየት ሊል ይችላል።

የከተማዋ አሽከርካሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጨማሪ የተጠቀሙበት ወቅትም ነበር። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጣውን የባዮፊውል ስትራቴጂ ተከትሎ ከ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀመረ። ኤታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ሲሆን ድብልቁ ሱሉልታ በሚገኘው ዴፖ ይከናወን ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል፤ መተሐራም በኤታኖል አምራችነት ተቀላቀለ። የፕሮግራሙ ዋነኛ ዓላማ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቆጠብ ነበር።

ኤታኖል ከ100 በላይ ኦክቴን ያለው፣ በንጽሕና የሚቃጠል ነዳጅ ነው። ሆኖም ከማጽጃ አሚኖች ተለይቶ መታየት አለበት። ኤታኖል አሟሟ እንጂ ሳሙና አይደለም። ለዓመታት በሰልባትዮና በነዳጅ መስመር ውስጥ ተጣብቆ የኖረውን ሙጫና ዝገት ያላቅቅና ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የላላቀቀው ቆሻሻ ደግሞ ፊልትሮውን ይደፍናል። በቆዩ መኪኖች ላይ ድብልቅ ነዳጅ ሲጀመር ፊልትሮ በፍጥነት መደፈኑ፣ መኪናውም በመንገድ ላይ ኃይል ማጣቱ በሌሎች አገሮችም የታወቀ ነው። ችግሩ ፊልትሮው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲቀየር ያበቃል። ለኤታኖል ያልተሠሩ የቆዩ የጎማ ክፍሎችም ያብጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ።

ውኃ ሌላው ጉዳይ ነው። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉ ከነውኃው ተለይቶ ወደ ሰልባትዮው ወለል ይወርዳል። በክረምት ወራት የማደያ ጉድጓድ ክዳን በጥንቃቄ ካልተዘጋ ይህ ሊደርስ ይችላል። በተጨማሪም የኤታኖል የኃይል ይዘት በሊትር ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ 10 በመቶ ድብልቅ የነዳጅ ፍጆታን በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ መሥሪያ ቤት በድብልቁ ወቅት የመኪናው ፍጆታ ጨመረ ብሎ አሽከርካሪውን ከመጠየቁ በፊት ይህን ማወቅ ይገባው ነበር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደብል ጋቢና ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች በአብዛኛው በናፍጣ የሚሠሩ በመሆናቸው የናፍጣው ጉዳይ ለበጀቱ ይበልጥ ክብደት አለው። የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ፖምፓና ኖዝል ብዙ ጉድለት ይታገሡ ነበር። ኮመንሬይል የሚባለው አዲሱ ሥርዓት ግን ነዳጁን እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ከፀጉር ብዙም በማይወፍር ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፋል። በቀዳዳው ላይ የተቀመጠ ጥቂት ቅርፊት የርጭቱን ቅርጽ ይለውጣል፤ በኢንጀክተሩ ውስጥ የሚቀመጠው ሙጫ ደግሞ መርፌውን አጣብቆ ሞተሩ እንዲንኳኳ ወይም እንዳይነሳ ያደርጋል። የአንድ ኮመንሬይል ኢንጀክተር ዋጋ በሶማሌ ተራ የጠየቀ የጥገና ኃላፊ ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

የናፍጣ ማጽጃ በዚህ ሥርዓት ላይ የተረጋገጠ ጥቅም አለው። በአውሮፓ የናፍጣ ማጽጃዎች በሚፈተኑበት ሞተር ላይ ኖዝሉ ሆን ተብሎ እንዲቆሽሽ የሚደረገው በነዳጁ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ክፍል ብቻ ዚንክ በመጨመር ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል መጠን የሞተሩን ኃይል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይቀንሰዋል፤ ጥሩ ማጽጃ ሲጨመር ኃይሉ ይመለሳል። ከዚህ የሚገኘው ሌላው ትምህርት ዚንክ በተለበጠ በርሚል ወይም ባልዲ ናፍጣ ማስቀመጥ ኢንጀክተሩን እንደሚጎዳ ነው። ማደያ በሌለበት ወረዳ የሚሠሩ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች ነዳጅ በዕቃ አከማችተው ስለሚጠቀሙ ይህ በእጅጉ ይመለከታቸዋል። ማጽጃ ከመግዛት ዕቃውን መለወጥ ይቀድማል፤ ውኃ መለያ ያለው ፊልትሮ በወቅቱ መቀየርም እንዲሁ።

ማጽጃ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ማቃጠያው ክፍል በሚረጭባቸው ሞተሮች ነዳጁ የማስገቢያ ቫልቩን ጀርባ አይነካውም። በቫልቩ ላይ የሚከማቸው ቅርፊት ከሞተር ዘይት ጭጋግ የሚመጣ ሲሆን በሰልባትዮ የሚጨመር ማንኛውም ጠርሙስ ሊደርስበት ስለማይችል ማኒፎልዱ ተፈትቶ ይጸዳል፤ በተፈጨ የዎልነት ቅርፊት መንፋትም የታወቀ ዘዴ ነው። ማጽጃው በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚጠቅመው ለኢንጀክተሩ ብቻ ነው። ፋሻው ያለቀ፣ ዘይት የሚበላ ሞተርም በጠርሙስ አይድንም፤ ቆሻሻው ቢጸዳ እንኳ ዘይቱ በጥቂት ሳምንታት መልሶ ያቆሽሸዋል። ኬሮሲን የተቀላቀለበት ቤንዚንም ከባዱ ክፍል በቅጡ ሳይቃጠል ስለሚቀር ጥቀርሻ ይተዋል፤ እዚህ ላይ ማጽጃ ጨምሮ መቀጠል ምንጩን ሳይዘጉ ወለል እንደመወልወል ነው።

ግዥ ለሚፈጽሙ ክፍሎች ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ነጥብ ዝርዝር መግለጫውን የሚመለከት ነው። «የነዳጅ ማጽጃ፣ በካርቶን» ተብሎ የተዘጋጀ የግዥ ጥያቄ ለአቅራቢው ማንኛውንም ፈሳሽ እንዲያቀርብ በር ይከፍታል፤ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ለአሽከርካሪዎች ሲታደልም ምን እንደታደለ የሚያውቅ አይኖርም። መግለጫው ለቤንዚን ወይም ለናፍጣ መሆኑን፣ የማጽጃውን ንጥረ ነገር ስም፣ አንድ ጠርሙስ ለስንት ሊትር እንደሚበቃና ብረታ ብረት የሌለበት መሆኑን ቢጠይቅ አብዛኛው ጥርጣሬ ይወገዳል። ለቤንዚን ሞተር የተዘጋጀውን በናፍጣ ውስጥ መጨመር ወይም የተገላቢጦሹን ማድረግ አይገባም።

አጠቃቀሙም ገደብ አለው። ጠንካራ ማጽጃ የሚጨመረው በእያንዳንዱ ቅጂ ሳይሆን አምራቹ በወሰነው የጊዜ ልዩነት ነው። ያልተቃጠለው ክፍል በፒስተኑ ጎን ወደ ሞተር ዘይቱ ስለሚወርድ ከዘይት ቅየራ ጥቂት ቀደም ብሎ መጨመሩ ተመራጭ ነው። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ንጽሕናውን እጥፍ አያደርገውም፤ ትርፉ ዘይቱን ማበላሸት ነው። በሰልባትዮው ውስጥ ብዙ ዝቃጭ ላለበት ያረጀ መኪና መጀመሪያ ሰልባትዮውን አስፈትቶ ማሳጠብ፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ከዚያ በኋላ ማጽጃ መጨመር ይሻላል።

ውጤቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመንግሥት ተሽከርካሪዎች የኪሎ ሜትርና የነዳጅ መዝገብ አላቸው። ማጽጃው ከመጨመሩ በፊት ባሉት ሁለት ወራትና ከተጨመረ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት መኪናው በአንድ ሊትር የሄደው ኪሎ ሜትር በተመሳሳይ አሽከርካሪና በተመሳሳይ ስምሪት ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል። ኢንጀክተሩ በእርግጥ ቆሽሾ ከነበረ ፍጆታው ይቀንሳል፤ ጠዋት ሲነሳ የነበረው መንቀጥቀጥም ይጠፋል። ሞተሩ አስቀድሞ ንጹሕ ከነበረ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ለዚያ መኪና በተከታዩ ሩብ ዓመት ጠርሙስ መጠየቅ አያስፈልግም።